የፓርክላንድስ አውድማ

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ ሃያ አራት ቀን፣ ሐሙስ ጧት፣ የናይሮቢ ሰማይ ጥርት ብሎ ነጋ፤ በስተምሥራቅ ግን፣ በማታሬ የድሆች ሰፈር ወገን፣ ሦስት የጥቁር ጢስ ዓምዶች ቆመው ይታዩ ነበር። የአገሪቱ የምርጫ ውጤት ከታወጀ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ማታቱ የሚባሉት የሕዝብ ታክሲዎች ከየመንገዱ ጠፍተዋል፤ ሱቆች የብረት መዝጊያቸውን አውርደዋል፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ነገድ የሚጠይቅበት ክፉ ሰሞን መጥቷል። ፓርክላንድስ ብቻ ረጃጅም አጥሮቿን ተከናንባ፣ ወሬውን ገና እንዳልሰማ ሰው ዝም ብላ ነበር።

በዚህ ሰፈር፣ ከአንድ ትልቅ የብረት በር ጀርባ፣ የባላምባራስ ብርሃነመስቀል ቤት ቆሟል። ግድግዳው ከግራጫ የናይሮቢ ድንጋይ፣ ጣራው ከቀይ ሸክላ ነው፤ ላይኛው ፎቅ የቤተሰቡ መኖሪያ፣ ታችኛው ፎቅ እንዳለ የእህል መጋዘን ነው። እንግዳ የሚደነቀው ግን በቤቱ አይደለም፤ በፊቱ በተነጠፈው፣ ከዳር እስከ ዳር ሃያ አምስት እርምጃ በሚሆነው ክብ የድንጋይ ሜዳ ነው። ቤቱ በ1957 ዓ.ም. ሲሠራ አንድ ሕንዳዊ ሲክ ግንበኛ ገመዱን በመሐል ችካል አስሮ እያዞረ፣ «ለዳንስ ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። «ለበቆሎ ነው» አሉት ባላምባራስ። ግንበኛው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ባላምባራስ ብርሃነመስቀል ወደ ኬንያ የገቡት በ1929 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ ካሰደዳቸው ወገኖች ጋር፣ በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ነው። አባታቸው በኢሲዮሎ የስደተኞች ሰፈር በወባ ሲሞቱ፣ ልጁ ወደ ናይሮቢ ወርዶ በአንድ ጉጅራቲ ሕንዳዊ ነጋዴ መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። በሃያ አምስት ዓመቱ የራሱን ንግድ ጀመረ፤ በሞያሌ በኩል ጤፍና ባቄላ እያስገባ፣ ከኪታሌ በቆሎ እየገዛ፣ በናይሮቢ እህል በጅምላ የነገደ የመጀመሪያው አበሻ ለመሆን በቃ። ኋላም ለሞያሌ ረኃብተኞች እህል ባደረሱ ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የባላምባራስነት ማዕረግ ተሰጣቸው፤ ማዕረጉን የሰጠው መንግሥት ከወደቀ ሠላሳ ሦስት ዓመት ቢያልፍም፣ በናይሮቢ የሚኖር አበሻ አንድም ቀን «አቶ» ብሏቸው አያውቅም።

ያን ክብ ሜዳ «አውድማው» ይሉታል፤ ሕግም ነበረው። በጫማ አይረገጥም። እህል እዚያ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ለሽያጭ አይሰፈርም፣ በቁጥር አይነገርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እህል ተሰጥቶ ሳለ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፤ የመጣውም ሳይጠግብ እህሉ አይነሣም። አባታቸው በሸዋ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ «በጎተራ ያለ እህል የባለቤቱ ነው፤ አውድማ ላይ ያለው ግን ገና የእግዜር ነው» ይሉ ነበር። በአርባ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህ ሕግ የባላምባራስን ንግድ ጎድቶት አያውቅም፤ አንድ ባልቴት፣ ሁለት ቄስ፣ አንዳንድ መንገደኛ አንድ አንድ ቁና ይዘው ይሄዱ ነበር፤ ይኸው ነው።

በዚያ ዓመት ግን ቤቱ ራሱ አደጋ ላይ ነበር። ልጃቸው ሥዩም፣ በጊጊሪ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠራ የሃምሳ ዓመት ሰው፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ሰገነቱ ላይ ተቀምጦ ጉዳዩን አንሥቶ ነበር። ጣራው ያፈሳል፤ ምሰሶው ተበልቷል፤ አንድ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ቦታውን ይፈልጋል። አባትና ልጅ ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ ተስማሙ። ባላምባራስ የዓመቱን በቆሎ፣ መቶ ሃያ ጆንያ፣ እስከ ገና በዓል ሸጠው ጣራውን ካሳደሱ፣ ሥዩም ስለ ቤቱ መሸጥ ሁለተኛ አያነሣም፤ ካልቻሉ ግን ቤቱ ይሸጣል፤ እሳቸውም ላቪንግተን ሰፈር ልጃቸው ዘንድ ይገባሉ። ተጨባበጡ። ባላምባራስ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር፤ በንግድ ደግሞ ተሸንፈው አያውቁም።

በቆሎውን ሐብተማርያም የሚባል፣ ሎሪዎችና ወፍጮዎች ያሉት ነጋዴ ሊገዛቸው ቃል ገባ፤ እሳቸውም ቃል ሰጡት። ገና ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል።

በዚያ ሐሙስ ጧት ሥዩም ከልጁ ከየምሥራች ጋር፣ በጎማ እሳት የተዘጉ አራት መንገዶች ዞሮ፣ ፓርክላንድስ ሲደርስ አባቱን መጋዘን ውስጥ አገኛቸው። ባላምባራስ አንድ ጆንያ ፈትተው፣ አንዲት ፍሬ በቆሎ በግራ መንጋጋቸው መሐል አስገብተው ነበር። በአፋቸው የቀሩት አምስት ጥርሶች ናቸው፤ ይህን አንዱን ግን ሥጋ እንኳ አያስነኩትም ነበር፤ «የሥራ ጥርሴ ነው» ይሉታል። ነከሱ። ቀጭ ማለት የነበረበት ፍሬ ልምጥ አለ።

«ውሃ አለበት» አሉ። «ሁለት ፀሐይ ይበቃዋል።»

«ታዲያ አሁኑኑ እናስጣው አባዬ። ሐብተማርያም ቅዳሜ ሎሪ ይልካል፤ ካልደረቀ አልጭንም ብሏል።»

ባላምባራስ ወደ በሩ ወጥተው ጢሱን ተመለከቱ።

«ዛሬ አይሰጣም።»

«ለምን?»

«ያ ጢስ ሰው እያፈናቀለ ነው። የተፈናቀለ ይራባል፤ የተራበ በር ያንኳኳል። እህሉ አውድማ ላይ እያለ እንዲያንኳኳብኝ አልፈልግም። መስኮቱን ክፈቱና፣ ጆንያውን እያገላበጣችሁ በነፋስ ይድረቅ።»

«በነፋስ ሳምንት ይፈጃል! ቅዳሜ ካልጫነ ከሌላ ይገዛል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ውላችን…»

«ውላችንን አውቀዋለሁ። ነጋዴ እኮ ነኝ ልጄ፤ ሕጌን ስለማከብረው ነው የምሸሸው።»

የምሥራች ሳቀች። ናይሮቢ ተወልዳ ናይሮቢ የምትማር የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። «አባባ፣ ሲሪየስሊ፣ ከራስህ ሕግ ትደበቃለህ?»

«ከሕጌ የማልደበቅ ብሆን ኖሮ አንቺ በባዶ እግርሽ ትማሪ ነበር» አሏት።

ባላምባራስ ከምሳ በኋላ ጋደም የማለት ልማድ ነበራቸው። ያን ጊዜ ሥዩም ከሰገነቱ ላይ ሆኖ አሰበ። ቤቱን መሸጥ ብልኅነት እንደ ሆነ ያምን ነበር፤ ነገር ግን አባቱ ተሸንፈው ሻንጣ ይዘው ሲወጡ ማየት ደግሞ ከሦስት ወር ጀምሮ እንቅልፍ የነሣው ነገር ነበር፤ በልቡ እንዲያሸንፉ ይመኝ ነበር። ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል። የአውድማውን ሕግ እንደ ሽማግሌ ጨዋታ እንጂ እንደ ሕግ ቆጥሮት አያውቅም። ወርዶ ሁለቱን የመጋዘን ሠራተኞች ጠራና፣ መቶ ሃያውን ጆንያ አንድ በአንድ አስፈታ።

ባላምባራስ በዘጠኝ ሰዓት የነቁት በመንሽ ድምፅ ነው። ሰገነቱ ላይ ወጥተው ቁልቁል አዩ፤ ክቡ ድንጋይ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኗል።

«ማነው ያሰጣው?»

«እኔ ነኝ አባዬ» አለ ሥዩም ከታች፣ ላቡን እየጠረገ። «ቅዳሜ ጧት እናነሣዋለን።»

ሽማግሌው የሰገነቱን መከታ ያዙ። «ቤቴን ለመውሰድ ከሆነ ያሰጣኸው፣ ከጠበቅሁህ በላይ ነጋዴ ነህ» አሉት፤ ሥዩም ደነገጠ። «ይሁን፤ ቀልዴን ነው። አንዴ ወጥቷል፤ ፀሐይ ይስጠን።» ከዚያም ወርደው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ በቆሎውን በእግራቸው እያረሱ ዞሩት።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ሠላሳ ዓመት በር የጠበቀው ዋፉላ እየሮጠ መጣ። ዋፉላ የምዕራብ ኬንያ፣ የቡንጎማ ሰው ነው፤ ባላምባራስን «አባት» ለማለት በስዋሂሊ «ሙዜ» ይላቸዋል፤ አማርኛው ሁልጊዜ ይሰባበራል፤ ያን ቀን ግን ከወትሮው ባሰ።

«ሙዜ፣ ሰው። ብዙ ሰው። ውሃ ይላሉ።»

በበሩ ቀዳዳ የታየው ነገር አጭር ነበር፤ ፍራሽ በራሳቸው የተሸከሙ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ድስት ያንጠለጠለ አንድ ሽማግሌ፣ የተቃጠለ ልብስ ሽታ። በፓንጋኒ በኩል አቋርጠው፣ ሌሊቱን በአቅራቢያው ባለው መናፈሻ ዛፎች ሥር አድረው፣ ከበር ወደ በር ሲሄዱ የነበሩ ናቸው።

ሥዩም አባቱን ክንዳቸውን ያዛቸው። «አባዬ፣ የጠየቁት ውሃ ብቻ ነው። በጄሪካን እናውጣላቸው፤ በሩ መከፈት የለበትም። እህሉን አላዩትም።»

«እነሱ እህሉን አላዩም» አሉ ባላምባራስ። «እኔ ግን እነሱን አየሁ።»

«እንግዲያው አሥር ጆንያ ይሰጣቸው! ሃያ ይሁን! የቀረውን አሁን እናንሣው።»

«ምን ያህል ነው ብለህ ልታነሣ? አውድማ ላይ ይቆጠራል እንዴ?»

«ቤቱ እኮ ነው አባዬ! እናቴ የሞተችበት ቤት ነው!»

የእናቱ የወይዘሮ ሙሉሸዋ ስም ሳይጠራ እንኳ ሽማግሌውን እንደሚነካቸው ሥዩም ያውቅ ነበር። ባላምባራስ ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ወይዘሮዋ ወዳረፉበት ክፍል መስኮት ቀና አሉ።

«እናትህ ብትኖር በሩን አሁን ከፍታው ነበር» አሉ። «እኔ ነጋዴ ስለሆንሁ ነው የዘገየሁት። ዋፉላ፣ ክፈት።»

ዋፉላ አልከፈተም። ወደ ጆሯቸው ተጠግቶ፣ ከእነዚህ ሰዎች ከፊሎቹ ከአንዱ ወገን፣ ከፊሎቹ ከሌላው መሆናቸውን ነገራቸው፤ ትናንት አንዱ የሌላውን ሰፈር ሲያቃጥል ነበር፤ እዚህ ገብተው ቢጣሉስ?

«እኔ ከየት ነኝ ዋፉላ?»

«ሀበሺ» አለ ዋፉላ።

«አንተስ?»

«ቡንጎማ።»

«ሠላሳ ዓመት እየተጣላን አብረን ኖረናል። ክፈት።»

በሩ ተከፈተ። ባላምባራስ ሰዎቹን በክቡ ዙሪያ፣ በበቆሎው ጠርዝ፣ ጫማቸውን አስወልቀው አስቀመጧቸው። ሁለት ሴቶች ብቻ አንዷ ካንዷ አጠገብ አልቀመጥም ብለው ቆሙ፤ አንዷ በስዋሂሊ፣ «ቤቴን ያቃጠሉት የዚህች ወንድሞች ናቸው» አለች፤ ሌላይቱም ምራቋን ተፋች። ሽማግሌው አልገሠጿቸውም። ከመጋዘኑ ትልቁን ጎላ አስወጡና፣ «ይህ ውሃ ሲሞላ አንድ ሰው አይችለውም» አሏቸው፤ «ጆሮው ሁለት ነው። ልጆቻችሁ እንዲበሉ ከፈለጋችሁ ያዙት።» ሴቶቹ ሳይተያዩ ያዙት፤ ሳይተያዩ ከቧንቧው እስከ ምድጃው አመጡት። እስከ ማታ ድረስ ስድስት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ በአምስተኛው አንዷ «ቀስ በይ፣ ምድጃው እጅሽን ያቃጥልሻል» ስትል ተሰማች።

የምሥራች ከመጋዘን ባቄላ አስወጥታ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ ምድጃው ላይ ቆመች። «አባባ፣ ንፍሮ ማለት ጊዘሪ ነው አይደል? ሁሉም ያውቁታል። ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፣ እኔ አበስላለሁ።»

«ጨው እንዳታበዢ። ባለፈው ዓመት የሠራሽውን ሹሮ አስታውሳለሁ።»

የዚያን ዕለት መቶ ሰባ ያህል ሰዎች በሉ። በማግሥቱ ከጧት ጀምሮ ሌሎች መጡ።

ሐብተማርያም ቅዳሜ በሦስት ሰዓት፣ ሎሪውን አስከትሎ ደረሰ። አምሳ አምስት ዓመት የሆነው፣ ደልዳላ፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣ በቆሎው ዙሪያ የተቀመጡትን ሰዎች፣ የሚጨሱትን ጎላዎች፣ በባዶ እግሩ ጉልጓሎ የሚቆፍር ይመስል መንሽ የያዘውን ሥዩምን ተመለከተ።

«ባላምባራስ! ይህ ምንድን ነው? ሰርግ አለ ወይስ ተዝካር?»

«እንግዳ አለ ሐብቴ። ግባ።»

«እኔማ የመጣሁት ልጭን ነው። ቃል ሰጥተውኛል።»

«ሰጥቻለሁ።»

«ባላምባራስ ብርሃነመስቀል ቃሉን አያጥፍም ተብሎ ነው ናይሮቢ ሁሉ የሚምልብዎት!»

«አላጥፍም ነበር። ዛሬ አጠፍሁ።»

ሐብተማርያም እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀም፤ ሰበብ ቢደረድሩለት ይሻለው ነበር።

«ይኸ በቆሎ እኮ ዛሬ የእንቁ ዋጋ ነው! ከተማው ዱቄት የለውም!»

«አውቃለሁ። የእነዚህም ሆድ የከተማው ሆድ ነው። ከመጋዘን ብትጭነው ኖሮ ያንተ ነበር ሐብቴ፤ እኔም ደስ ባለኝ። ፀሐይ ይምታው ያልኸው አንተ ነህ፤ ተሰጣ፤ ሰው መጣ። አንተ የማን ልጅ ነህ? አባትህ በመንዝ አርሶ አደር አልነበሩም?»

«ነበሩ።»

«እህል አውድማ ላይ ሳለ ለመጣ ሰው ምን ይሉት ነበር?»

ሐብተማርያም ወደ ሾፌሩ ዞረ፤ ወደ ሰማይ ቀና አለ፤ ተመልሶ ወደ በቆሎው አየ። «ይህ መንዝ አይደለም ባላምባራስ! ይህ ናይሮቢ ነው! ፓርክላንድስ ነው!»

«አባትህ ምን ይሉት ነበር?»

«‹ቁናህን አምጣ› ይሉት ነበር» አለ ሐብተማርያም፣ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ።

አንድ ሕፃን በንፍሮው ትን ብሎት አሳለው። ነጋዴው ድንገት ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ያዘ።

«እንግዲያው» አለ፣ በንዴትና በሳቅ መሐል ሆኖ፣ «እኔም መጥቻለሁ። ድርሻዬን ይስፈሩልኝ! ባዶ እጄን አልሄድም!»

«እናቱ ትሙት፣ ነጋዴ ነው!» አሉ ባላምባራስ፤ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። ቁናውን በገዛ እጃቸው አምጥተው ከምረው ሰፈሩለት፤ ዐሥር ቶን ሊጭን የመጣው ሎሪም አንድ ቁና በቆሎ ጭኖ በሩን ወጣ። ሐብተማርያም ከዚያ ወዲህ ከባላምባራስ ጋር አልተገበያየም፤ በሄደበት ግን «አንድ ቀን ለዘረፋ ሄጄ በምጽዋት ተመለስሁ» እያለ ያወራ ነበር ይባላል።

ገና በዓል በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ቀን ዋለ። የጣራው ሸክላ እንደ ተሰባበረ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሥዩም ከአባቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ስለዚያ ውል… የኔ ጥፋት ነው። አይሰጣም ሲሉኝ ያሰጣሁት እኔ ነኝ። እንተወው። ቤቱ ይቆይ፤ ጣራውንም እኔ አሠራዋለሁ።»

«አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም? ልጅዎ አይደለሁ?»

«ለሐብተማርያም ቃሌን አጠፍሁ። ለእሱ ያጠፍሁትን ቃል ላንተም ካጠፍሁት፣ በስድሳ ዓመት የገነባሁት ነገር ከዚህ ድንጋይ ቀድሞ ፈረሰ ማለት ነው። አንዱን ማጠፌ ግድ ነበር፤ ሁለተኛውን ባጥፍ ግን ልማድ ይሆናል። ‹ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ› ይባላል።»

«የወለዱት እኮ እኔ ነኝ አባዬ።»

«ታዲያ ለዚህ ነው ቃሌን የምጠብቀው» አሉ፤ ጉልበቱንም መታ መታ አደረጉት። «ቤቱ እስኪሸጥ ግን በቆሎው ከአውድማው አይነሣም። ለተቋራጩ ንገረው፤ የሚቸኩል ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈልግ።»

ተቋራጩ ጠበቀ። ባላምባራስ በእነዚያ ሳምንታት እንደ ተሸነፈ ሰው አልታዩም። ጧት ጧት በባዶ እግራቸው ወርደው የትኛው ዳር እንደ ደረቀ ይነክሳሉ፤ ዝናብ ሲያስጠጋ በቆሎው ላይ ሸራ እንዲዘረጋ ያዛሉ፤ ማን እንደ በላና ማን እንዳልበላ ዋፉላን ይጠይቃሉ። ሰዎቹ ይመጡና ይሄዱ ነበር፤ አንዳንድ ቀን አራት መቶ ይሞላሉ። የካቲት ሃያ ቀን ሁለቱ የምርጫ ተቀናቃኞች ስምምነት ፈርመው በቴሌቪዥን ሲጨባበጡ፣ በክቡ ሜዳ ላይ የቀረው ለአምስት ቀን የሚሆን ነበር። ባላምባራስ ያን ዜና ቆመው ሰሙና፣ «መልካም፤ በልክ ደረሱ» አሉ።

የመጨረሻው ሰው ከወጣ በኋላ ድንጋዩን አስጠረጉ፤ ቁልፉን ለሥዩም በቀኝ እጃቸው ሰጡት፤ ደረጃውንም ማንም ሳይደግፋቸው ወረዱ። በላቪንግተን ሁለት ዓመት ኖሩ፤ በዚያም ሳሉ የእሳቸውን ቃል ሳይሰማ በቆሎ የሚገዛ የሰፈር ሰው አልነበረም፤ ሁሉም አንዲት ፍሬ ይዞ መጥቶ ያስነክሳቸው ነበርና። በ2002 ዓ.ም. በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ።

በፓርክላንድስ ያለው ቤት ከዚያ ቀድሞ ፈርሷል፤ በቦታው ዘጠኝ ፎቅ ያለው የመኖሪያ ሕንፃ ቆሟል። በማዘጋጃ ቤት መዝገብ የተጻፈው «አንድ የድንጋይ መኖሪያ፣ አንድ የተነጠፈ ግቢ፤ የተነሣ» የሚል ብቻ ነው። ስለዚያ ሰሞን የተጻፉት ሰነዶች ብዙ ናቸው፤ ስንት ሰው እንደ ሞተ፣ ስንት ቤት እንደ ተቃጠለ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተጨባበጠ ይናገራሉ፤ ይህንም መመዝገባቸው ተገቢ ነው። በረኃብ ሊሞት ይችል የነበረውንና ያልሞተውን ሰው ግን የሚመዘግብ ጸሐፊ በየትኛውም መንግሥት ተሹሞ አያውቅም። በታኅሣሥና በየካቲት መካከል በዚያ ግቢ የበሉ ልጆች ዛሬ አድገው በየሥራቸው ተሰማርተዋል፤ የማን በቆሎ እንደ ነበረ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ባላምባራስም እንዲያውቁት አልጠየቁም።